ጠይቁን፦ በባዮሜዲካል ፒኤችዲ ማንም ቁጭ ብሎ የማይነግረን ነገር

ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ሳገላብጥ ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ የሚሽከረከሩ ሆነው አገኘኋቸው፣ አሜሪካ ውስጥ የባዮሜዲካል ፒኤችዲ የጀመሩ ወይ ሊጀምሩ ያሰቡ፣ ክላሱ ውስጥ እንደነሱ ዓይነት ሰው ብዙም የማያዩ ተማሪዎች ናቸው የጻፉት። ጥቁር ተማሪዎች አሉ፣ ከቤተሰባቸው መጀመሪያ ኮሌጅ የረገጡ አሉ፣ አንድ ፕሮፌሰርም ጽፈውልኛል። ስማችሁንና ትምህርት ቤታችሁን አውጥቼ ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፣ መልሱን ግን ማሳጠር አልሆነልኝም፣ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የአንደኛ ዓመት ፒኤችዲ ተማሪ ነኝ፣ ኢሚውኖሎጂ። ከቤተሰቤ ኮሌጅ የገባሁት እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ። 3 ሮቴሽን (ላብ ከመምረጥ በፊት በየላቡ ለአጭር ጊዜ እየሠሩ መሞከር) ጨርሼ አሁን ላብ መምረጥ አለብኝ። አንዱ ላብ በጣም የታወቀ ነው፣ ፕሮፌሰሩ ግን በወር አንዴ ቢታይ ነው። ሌላዋ አዲስ ፕሮፌሰር ናት፣ ላቧ ትንሽ ነው ግን ቁጭ ብላ ታስረዳኛለች። ሁሉም ሰው ትልቁን ያዢ ይለኛል። ክላሴ ውስጥ ያሉት ልጆች ደሞ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ሁሉ ያውቃሉ፣ እኔ ብቻ ነኝ ግራ የገባኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያን "እኔ ብቻ" ያልሽውን እንጨርሰው። እነዛ ልጆች የሚያውቁት የነገራቸው ሰው ስላለ ነው። እናቷ ፕሮፌሰር የሆነች ልጅ ሮቴሽን ማለት ተማሪውም ላቡን የሚፈትንበት ጊዜ እንደሆነ ከሃይስኩል ጀምሮ ቤት ውስጥ ሲወራ ሰምታለች፣ አንቺ ግን ላቡ ብቻ አንቺን እየፈተነ መስሎሽ ሮቴሽኑን ሙሉ አንገትሽን ደፍተሽ ፒፔት ይዘሽ ከርመሻል። የጎደለሽ ወሬ ነው፣ ወሬ ደሞ ተጠይቆ ይገኛል።

ወደ ምርጫው ስንመጣ እኔ ብሆን ወደ አዲሷ ነው የማደላው፣ ግን አጣርቼ። የባዮሜዲካል ፒኤችዲ 5 ወይ 6 ዓመት ይፈጃል፣ ቶፒክሽ በመሃል ሊቀየር ይችላል፣ አድቫይዘር (ፒኤችዲሽን የሚመራው ፕሮፌሰር) ግን በቀላሉ አይቀየርም፣ ከተቀየረም ብዙ ተለቅሶ ነው። ትልቅ ላብ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ስሙ በር ይከፍታል፣ ማሽኑ ሙሉ ነው፣ ብር አይቸግረውም። ችግሩ እዛ ላብ ውስጥ በተግባር የሚያስተምርሽ አንድ ፖስትዶክ (ፒኤችዲውን ጨርሶ እዛ የሚሠራ ተመራማሪ) ነው የሚሆነው፣ እሱ ሥራ አግኝቶ የሄደ ቀን ፕሮጀክትሽን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ቤት ውስጥ የሚጠይቀው ሰው ያለው ተማሪ እዛም ሆኖ ይወጣዋል፣ የሌለው ግን ዝም ይላል፣ ዝምታው ደሞ "ራሱን የቻለ ተማሪ" ተብሎ ይተረጎምለታል፣ 4ኛ ዓመት ላይ ሥራውን የሚገመግመው የፕሮፌሰሮች ኮሚቴ ዳታው የታለ እስኪል ድረስ።

አዲሷ ላይ የምታጣሪው ገንዘብ ነው። አዲስ ፕሮፌሰር ዩኒቨርሲቲው ላብ ማቋቋሚያ ብሎ በሰጣት ብር ነው የምትጀምረው፣ እሱ ሳያልቅ ከኤንአይኤች፣ ማለቴ ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ ግራንት (የምርምር ገንዘብ) መያዝ አለባት። በቀጥታ ጠይቂያት፣ ነውር የለውም፦ "እስክጨርስ የሚከፈለኝ ከየት ነው? ገንዘቡ ቢያልቅስ ዲፓርትመንቱ ይሸፍናል?" በይ። በዚህ ጥያቄ የምትቆጣ ከሆነ ሌላውን ላብ አስቢ።

ከዛ ከሁለቱም ላብ የ4ኛና የ5ኛ ዓመት ተማሪ ለብቻ ለብቻ አግኝተሽ አውሪ። "ላቡ እንዴት ነው?" አትበዪ፣ ሁሉም አሪፍ ነው ነው የሚልሽ። የሚቆጠር ነገር ጠይቂ፦ ከዚህ ላብ ስንት ተማሪ ጨረሰ፣ ስንቱ ማስተርስ ተሰጥቶት ተሸኘ፣ ድራፍት ስትልኩ በስንት ሳምንት ይመለሳል፣ ፔፐር ላይ የመጀመሪያው ስም የማን እንደሚሆን የሚወሰነው ሥራው ሲጀመር ነው ወይስ ሲያልቅ። ለቀው የሄዱትንም ፈልጊ፣ ሊንክድኢን ላይ አይጠፉም፣ ብዙዎቹ ይነግሩሻል (አንዳንዶቹ እንደውም ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም)።

ልብሽ ትልቁ ላብ ከቀረ ደሞ ፕሮፌሰሩን ቴሲስ ኮሚቴሽ ውስጥ አስገቢው። በዓመት 1 ወይ 2 ጊዜ ቁጭ ብሎ ሥራሽን ያያል፣ ሪኮመንዴሽንም ይጽፍልሻል፣ ከገዛ ተማሪዎቹ ብዙም ያነሰ አታገኚውም።

ጥያቄ፦ 2ኛ ዓመት ነኝ። ኮንፈረንስ ላይ ፖስተር አቅርቤ መጣሁ፣ አውሮፕላኑንም ሆቴሉንም በራሴ ክሬዲት ካርድ ነው የከፈልኩት፣ ሪኢምበርስ ይደረግልሃል (ብሩ በኋላ ይመለስልሃል) ተብዬ፣ ይኸው እስካሁን ወሬ የለም። ከስቲፔንዴ (ከተማሪ አበሌ) ላይ ለቤተሰብም እልካለሁ። አድቫይዘሬ ለሚቀጥለውም አመልክት እያለኝ ነው። ሰበብ ፈጥሬ ልቅር?

መልስ፦ ሰበብ አትፍጠር ወንድሜ፣ ሰበቡ "ፍላጎት የለውም" ተብሎ ነው የሚመዘገብብህ። ሪኢምበርስመንት የሚባለው ነገር የተሠራው ሁሉም ተማሪ ባንክ ውስጥ የተረፈ ብር አስቀምጦ የሚጠብቅ መስሏቸው ነው፣ ብዙ ፕሮፌሰር ተንኮል ኖሮበት ሳይሆን ነገሩ ጭራሽ ትዝ ስለማይለው ነው የማያነሳው። ስለዚ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ "ኮንፈረንሱ ላይ መሄድ እፈልጋለሁ። ከኪሴ ቀድሜ መክፈል ስለማልችል አውሮፕላኑና ሆቴሉ በዲፓርትመንቱ ካርድ እንዲከፈል ማንን ላነጋግር? የባለፈው ሪኢምበርስመንትም የት እንደደረሰ ቢነገረኝ።" በቃ፣ ይሄው ነው። ቤተሰብ፣ ዕዳ፣ ምናምን አትጨምርበት፣ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። ለአድቫይዘሩ ላከውና ለዲፓርትመንቱ አድሚኒስትሬተር ኮፒ አድርግ፣ ጉዳዩን የሚፈታው አብዛኛውን ጊዜ እዛ ቢሮ ያለው ሰው ነው፣ ፕሮፌሰሩ ያ ካርድ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። ግራጁዌት ስኩሉም የድንገተኛ ችግር ፈንድ ካለው ጠይቅ፣ ብዙ ቦታ አለ፣ ግን ማስታወቂያ ሲለጠፍለት አይቼ አላውቅም።

ሳልነግርህ የማላልፈው ደሞ የታክሱ ነገር ነው። የምትከፈለው በፌሎውሺፕ (ለተማሪው በስሙ የሚሰጥ ገንዘብ) ወይ በትሬኒንግ ግራንት (ተማሪ ለማሠልጠን ለዩኒቨርሲቲው የሚሰጥ ገንዘብ) ከሆነና ዜጋ ወይ ግሪን ካርድ ያዥ ከሆንክ ዩኒቨርሲቲው ብዙ ጊዜ ታክስ አይቆርጥልህም፣ ነገር ግን ታክስ አለበት፣ ዓመቱን ለ4 ተከፍሎ ራስህ ገምተህ ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) የምትከፍለው ነው። ይሄን ሳያውቅ ኤፕሪል ላይ ባንዴ የሚመጣበት የአንደኛ ዓመት ተማሪ በየዓመቱ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤንአይኤች ለፒኤችዲ ተማሪ ያወጣው ስቲፔንድ በዓመት 28,224 ዶላር ነበር፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ከራሱ ይጨምርበታል፣ ቢጨምርም ከዛ ላይ የዓመት ታክስ ባንዴ ማውጣት ቀልድ አይደለም። ገንዘቡ በገባ ቁጥር ቀንሰህ ሌላ አካውንት ውስጥ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ጂአርኢዬ (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ውጤቴ) ዝቅ ያለ ነው፣ ላብ ውስጥ ግን 2 ዓመት ሠርቻለሁ። ፒኤችዲ ባመለክት ዋጋ አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! ብዙ የባዮሜዲካል ፕሮግራሞች እኮ ጂአርኢን ትተውታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከቫንደርቢልትና ከኖርዝ ካሮላይና ቻፕል ሂል 2 ጥናቶች ወጥተው ነበር፣ የራሳቸውን ተማሪዎች ወደኋላ ሄደው ሲያዩ ጂአርኢ ማን ፒኤችዲውን እንደሚጨርስም ማን ብዙ ፔፐር እንደሚያወጣም አልጠቆማቸውም፣ ቫንደርቢልት ላይ ቢበዛ የአንደኛ ሴሚስተር ማርክን ነው የተነበየው። ቻፕል ሂል ላይ ፔፐር ያበዙት ተማሪዎች የሪኮመንዴሽን ደብዳቤያቸው ጠንከር ያለ ሆኖ ተገኘ። ስለዚ ጉልበትሽን እሱ ላይ አውዪው። ደብዳቤ የሚጽፍልሽን ሰው ቀደም ብለሽ ያዢ፣ የትኛው ሙከራ እምቢ እንዳለሽና እንዴት እንዳስተካከልሽው ግማሽ ገጽ ጻፊለት፣ አለበለዚያ "ታታሪና ትሁት ናት" ብሎ ይልክልሻል፣ እሱ ደሞ ለማንም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ተባባሪ ፕሮፌሰር ነኝ። ላቤ ውስጥ አንዲት ጥቁር ተማሪ አለችኝ፣ ኮርሶቿን ሁሉ በጥሩ ውጤት አልፋለች፣ ላብ ሚቲንግ ላይ ግን ድምጿ አይሰማም፣ ኳሊፋይንግ ፈተናውንም (ፒኤችዲው ውስጥ ለመቀጠል የሚታለፈውን) በመጀመሪያው አላለፈችም፣ በድጋሚ ልትፈተን ነው። ልረዳት እፈልጋለሁ፣ መመዘኛውን ዝቅ አድርጌ ላዋርዳት ግን አልፈልግም። የትሬኒንግ ቢሯችን ወርክሾፕ ላይ ላካት ነው የሚለኝ።

መልስ፦ ዶክተር፣ ስለጻፉ አመሰግናለሁ። ትንሽ ድፍረት ይሁንብኝና ወርክሾፑ ላይ መሄድ ያለባት እሷ ብቻ አትመስለኝም። የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሜንተርሺፕ (ተማሪን ስለ መምራትና ማብቃት) ባወጡት ትልቅ ሪፖርት ሜንተር መሆን ተወልዶ የሚመጣ ጸባይ ሳይሆን የሚማሩት ሙያ ነው ብለዋል። የሃዋርድ ሂዩዝ የሕክምና ምርምር ተቋም ጊልያም ፌሎውሺፕም ለተማሪውና ለአድቫይዘሩ አንድ ላይ ይሰጥ ነበር፣ አድቫይዘሩም አንድ ዓመት የሜንተርነት ሥልጠና ይወስድ ነበር። ይሄ አካሄድ ልክ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ተማሪውን ብቻ እየጠገንን ላቡን እንዳለ ከተውነው የሚቀጥለውም ተማሪ እዛው ቦታ ነው የሚወድቀው።

አሁን ወደ ፈተናው። ኳሊፋይንግ ላይ የሚወድቁ ብዙ ልጆች ሳይንሱን ያውቁታል፣ ፈተናው ምን እንደሚፈልግ ነው ያልተነገራቸው። ኮሚቴው "ዌስተርን ብሎቱ ላይ ባንድ ባይታይሽስ?" ሲል (ዌስተርን ብሎት ፕሮቲን መኖሩን የሚያሳይ ሙከራ ነው፣ ባንድ ምልክቱ ነው) የሚጠብቀው አንድ ትክክለኛ መልስ አይደለም፣ ጮክ ብላ እንድታስብ ነው የሚፈልገው። "መጀመሪያ ፖዚቲቭ ኮንትሮሉን፣ ፕሮቲኑ እንዳለበት የሚታወቀውን ናሙና፣ አያለሁ፣ እሱም ካልታየ አንቲቦዲው ወይ ትራንስፈሩ ላይ ችግር አለ፣ ኮንትሮሉ ከሠራ ግን ፕሮቲኑ እዚህ ሴል ውስጥ ላይኖር ይችላል፣ አርኤንኤውን ለክቼ አረጋግጣለሁ፣ ከሌለ ሁለተኛው ኤይሜ፣ የምርምር ግቤ፣ ይቀየራል" ብትል፣ ይሄን ስትናገር እየተንተባተበችም ቢሆን፣ ታልፋለች። እርግጠኛ ካልሆንሽ አትናገሪ ተብላ ያደገች ልጅ ግን መልሱ ጥርት ብሎ እስኪመጣላት ዝም ትላለች፣ ኮሚቴው ደሞ "ጥልቀት ይጎድላታል" ብሎ ይጽፋል። ጥልቀት የሚለውን ቃል እንዳለ አይቀበሉ፣ የትኛው ጥያቄ ላይ ምን ብላ ምን ጎደለ የሚለውን ከኮሚቴው በጽሑፍ ያምጡ። ባለፉት ዓመታት ያለፉ ፕሮፖዛሎችን ይስጧት፣ ሌሎቹ ልጆች እኮ እጅ በእጅ ሲቀባበሉት የከረሙት ነው፣ እሷ ጋ አልደረሰም ይሆናል። ከዛ የምር ፈተና የመሰለ ልምምድ፣ ቆማ ቦርድ ላይ እየጻፈች፣ ከላቡ ውጪ ባሉ ሰዎች ፊት፣ ደግሞ ደጋግሞ። አንዳቸውም መመዘኛ አይቀንሱም። ይልቅ ለሷ ብቻ አያድርጉት፣ ለሁሉም ተማሪዎችዎ ያድርጉት፣ ለብቻዋ ከሆነ እሷም ታውቀዋለች ሌላውም ያውቀዋል።

ትችት ላይ ደሞ አይሳሱባት። አንዳንድ ፕሮፌሰር ክፉ እንዳልባል ብሎ ለጥቁር ተማሪ ሲሆን ቀይ እስክሪብቶውን ይደብቃል፣ የሌላው ልጅ ድራፍት በቀይ ተጨማልቆ ሲመለስ ለሷ "ጥሩ ነው" ብቻ ይደርሳታል፣ እውነቱን መጀመሪያ የምትሰማው ከጆርናል ሪቪወር ይሆናል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የስታንፎርድ ሙከራ ነበር፦ ጠንካራ ትችት ብቻውን ሲሰጣቸው ጥቁር ተማሪዎች ገምጋሚው አድልቶብኛል ብለው የመጠርጠር ነገር ነበራቸው፣ ያው ትችት "መመዘኛዬ ከፍ ያለ ነው፣ አንተም እዛ ትደርሳለህ ብዬ ነው" ከሚል ጋር ሲመጣ ግን ጥርጣሬው ቀንሶ ድጋሚ ለመሥራት ተነሳሱ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ግን ከልብ ካልሆነ ይታወቃል።

ላብ ሚቲንጉን በተመለከተ፣ የሚወራበት ፔፐር ወይ ስላይድ አንድ ቀን ቀድሞ ለሁሉም ይላክ፣ ጥያቄም ከጀማሪው ተማሪ ይጀመር፣ ፖስትዶኮቹ ከተናገሩ በኋላ ማን ይናገራል? ደግሞ የላቡን ደንብ ጻፉት፣ ረፍት ስንት ቀን ነው፣ ማታና ቅዳሜ ይጠበቃል ወይ፣ ድራፍት በስንት ቀን ይመለሳል፣ የፔፐር ስም እንዴት ይደረደራል። 2 ገጽ አይሞላም። ኤንአይኤች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ተማሪዎቹ የግል ዕድገት ዕቅድ ይኑራቸው አይኑራቸው ይጠይቃል፣ ብዙ ቦታ ግን ተፈርሞ መሳቢያ የሚገባ ወረቀት ሆኖ ቀርቷል፣ እስኪ የእሷን አውጥተው አብረው ያንብቡት።

መመዘኛ ሳይነካ ይቻላል ወይ ላሉት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ዩኤምቢሲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1988 ፍሪማን ህራቦውስኪና ሮበርት ማየርሆፍ የጀመሩት የማየርሆፍ ፕሮግራም አለ። ከባችለር ጀምሮ ተማሪዎችን ለሳይንስ ፒኤችዲ የሚያዘጋጅ ነው፣ ትምህርት ሳይጀመር ክረምቱን አብረው ያሳልፋሉ፣ በቡድን ያጠናሉ፣ ቶሎ ላብ ይገባሉ፣ ኮርስ ላይ ሲ ያመጣ ተማሪ ደሞ ማለፊያ ነው ብሎ እንዲቀጥል ሳይሆን ኮርሱን እንዲደግመው ነው የሚመከረው። ብዙ ጥቁር ተማሪዎችን ወደ ፒኤችዲ ያሻገረው ይሄ ጥብቅነት ከድጋፉ ጋር ተደርቦ ነው። በኋላ ፔን ስቴትና ቻፕል ሂልም ወስደውታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ መንገዱ ከዲግሪው በኋላም እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ ጆርናል ላይ የወጣው ጥናት የትምህርት ታሪክን፣ ሥልጠናን፣ የፔፐር ብዛትን ሁሉ አስተካክሎ ሲያይ ጥቁር አመልካቾች የኤንአይኤች ግራንት የማግኘት ዕድላቸው ከነጮቹ በ10 ፐርሰንቴጅ ፖይንት ያነሰ ነበር። ስለዚ ግራንት አጻጻፍን አሁኑኑ፣ ገና ተማሪ ሳለች፣ ከጎንዎ አስቀምጠው ያሳዩዋት። የሪቪወሮቹን ትችት የያዘውን ወረቀት፣ በተለይ ውድቅ የተደረገብዎትን፣ ተማሪ እንዲያየው የሚፈቅድ ፕሮፌሰር ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ዲፓርትመንቱ ውስጥ ጥቁር ተማሪ እኔ ብቻ ነኝ። ፓነል ሲሆን እኔ፣ አዲስ ተማሪ ሲመጣ አስጎብኚ እኔ፣ ብሮሹሩ ላይ ፎቶው የኔ፣ ኮሚቴ ውስጥ እኔ። ሙከራዬ ኋላ ቀረ። እምቢ ካልኩ ደሞ ከኔ በኋላ የሚመጡትን የከዳሁ ይመስለኛል።

መልስ፦ ከኋላሽ ለሚመጡት ትልቁ ውለታ መጨረስሽ ነው፣ ስለዚ አንድ ብቻ ምረጪ፣ የምትወጂውን፣ ሌላውን ተዪው። እምቢታውን አድቫይዘርሽ ቢለው ይሻላል፣ "እስከ ኮሚቴ ሚቲንጌ ድረስ ሌላ ሥራ እንዳልይዝ ተስማምተናል" ብለሽ ስሟን ወይ ስሙን ጥሪ፣ ቀድመሽ አስፈቅደሽ። ያን የመረጥሽውን አንዱን ግን በነጻ አትሥሪው፣ ክፍያ ካለ ጠይቂ፣ ከሌለ የምስጋና ደብዳቤ ሳይሆን ሲቪ ላይ የሚጻፍ ማዕረግ ያለው ነገር ይስጡሽ። ፎቶሽን ደሞ አውርዱልኝ የማለት ሙሉ መብት አለሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ የባዮሜዲካል ፒኤችዲ ጀምራለች። ለጥቁርና ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች የነበረው የፌሎውሺፕ ዕድል ተዘግቷል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ምን ቀራት?

መልስ፦ አባቴ፣ በአብዛኛው እውነት ነው። ኤንአይኤች "ቁጥራቸው ያነሰ" ብሎ ሲቆጥር ዘርን ብቻ አልነበረም የሚያየው፣ አካል ጉዳት፣ ወላጆቻቸው ኮሌጅ ያልጨረሱ፣ ፔል ግራንት (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የኮሌጅ ድጎማ) ያገኙ፣ ገጠር ያደጉ፣ እነዚህም ይገቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዩኒቨርሲቲ ቅበላ ላይ ዘር እንዳይታይ ወሰነ፣ በ2025 ደሞ ኤንአይኤች ራሱ በዳይቨርሲቲ ስም የነበሩትን ብዙ ፕሮግራሞች አቆመ፣ ለነዚሁ ተማሪዎች የነበረው የኤፍ31 (ኤንአይኤች ለፒኤችዲ ተማሪ የሚሰጠው ፌሎውሺፕ) ዓይነትም አብሮ ሄደ። በጣም የሚያሳዝን ነገር ነው፣ መሃል መንገድ ላይ የቀሩ ልጆች አሉ።

ለሁሉም ክፍት የሆነው መደበኛው ኤፍ31 ግን አለ፣ ዜጋ ወይ ግሪን ካርድ ከያዘች ማመልከት ትችላለች። ከሁለቱ አንዱም ከሌላት ኤፍ31ም የትሬኒንግ ግራንትም አይሆንላትም፣ በአድቫይዘሯ የምርምር ግራንት ላይ ግን መቀጠር ትችላለች፣ እሱ ዜግነት አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ወዲህ የፌሎውሺፑ መገምገሚያ ተቀይሯል፣ የኮርስ ማርክ አይላክም፣ የአድቫይዘሩ ዝናም እንደ ድሮው እንዳይከብድ ተደርጓል፣ ለእንደሷ ዓይነት ልጅ ይሄ ደህና ዜና ነው። ማመልከቻው በዓመት 3 ጊዜ ነው፣ ኤፕሪል 8፣ ኦገስት 8ና ዲሴምበር 8። ቢያንስ 4 ወር ቀድማ ትጀምር፣ ረቂቁን ለአድቫይዘሯ ብቻ ሳይሆን ፌሎውሺፑን አግኝቶ ለሚያውቅ የዲፓርትመንቷ ተማሪም ታሳየው፣ ያገኘበትን ማመልከቻም እንዲያሳያት ትለምነው።